መወሰን ለተሳነው ታማሚ ወልዩ ማነው? የፊቅህ አካዳሚው ውሳኔ ቁጥር 67 ሲመረመር

ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1412 ዓመተ ሂጅራ (1992 እ.ኤ.አ.) ጅዳ ላይ ውሳኔ ቁጥር 67ን አሳልፏል። በዚህም አቅመ አዳም የደረሰና አእምሮው ሙሉ የሆነ ታማሚ በፈቃዱ እንዲታከም፣ መፍቀድ ለተሳነው ደግሞ በሸሪዓዊው የዊላያ ቅደም ተከተል መሠረት ወልዩ እንዲወስን ደንግጓል። ሕይወት አደጋ ላይ ስትወድቅ ግን ፈቃድ አይጠበቅም።

መሠረቱ ትክክል ነው። ጉድለቱ የየትኛው ዊላያ ቅደም ተከተል እንደሆነ አለመለየቱ ነው፤ የኒካሕ ነው ወይስ የንብረት?

ስትሮክ መትቶት ማስተዋል የተሳነውን፣ ከዲንሾ ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የተወሰደ አባወራ እናስብ። ሐኪሞቹ የቆሰለ እግሩ ይቆረጥ ይላሉ፤ ጥቂት ቀናት ግን ይታገሣል። ሚስቱ ትስማማለች፣ አጎቱ አይሆንም ይላል፤ ለኢማሙ ይደወላል። ኢማሙ የኒካሕን ባብ አስታውሶ «ወልዩ አጎት ነው» ቢል ተሳስቷል። የኒካሕ ዊላያ በአባት ወገን ዝምድና ላይ የቆመ ነው፤ የሕክምና ዊላያ ግን እንደ ንብረት ዊላያ ዓላማው የታማሚው መስለሃ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ፣ ነወዊ በ«ሚንሃጅ» እንዳሰፈሩት፣ የንብረት ዊላያ ለአባት፣ ለአያት፣ ለወሲያቸው፣ ከዚያም ለቃዲ ነው። አጎት በዚህ ውስጥ የለም። አባትና አያት ከሌሉ፣ ወሲም ካልተዉ፣ ነገሩ የቃዲ ነው፤ ቃዲውም ለታማሚው የሚበጀውን፣ ሚስቱንም ቢሆን፣ ሊሾም ይችላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በፍርድ ለተከለከለ ሰው ሞግዚት መሾምን ለፍርድ ቤት ሰጥቷል።

«አስቀድሞ ወኪል ይሹም» የሚለው የተለመደ ምክርም አይበቃም። በመዝሀባችን ወካላ ወካዩ አእምሮውን ሲያጣ ይፈርሳል፤ ማለትም በሚያስፈልግበት ሰዓት ይቀራል። ወሲያም የሚጸናው ከሞት በኋላ ነው። ስለዚህ ሰው በጤናው ሳለ ፈቃዱን በምስክር ፊት ያስጽፍ፤ ጽሑፉ ሹመት ባይሆንም የሚሾመው ሰው ሊመራበት የሚገባ ማስረጃ ነው።

የታማሚ ፈቃድ ክብደት ከሱናም ይታያል። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በመጨረሻ ሕመማቸው መድኃኒት በአፋቸው እንዳይደረግ በምልክት ከልክለው ነበር። በዙሪያቸው የነበሩት የታማሚ ጥላቻ መስሏቸው አደረጉት፤ ሲነቁም ገሠጿቸው። አንደበቱ የተያዘ ሁሉ ፈቃድ የለውም ማለት አይደለም።

እንግዲህ ኢማም ሲደወልለት በቅድሚያ «ወልዩ ማነው?» ሳይሆን «ታማሚው ምን ብሎ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ወላሁ አዕለም።