የጎንደር ዜማ በማን ሸክላ ላይ ነው ያለው?

የፈረንጅ ክላሲካል የሚሰሙ ሰዎች ሲገናኙ የሚከራከሩት ስለ ባህና ስለ ቤትሆቨን ብቻ አይደለም። ስለ አሳታሚዎቹም ይከራከራሉ። አንዱ በ1898 የተቋቋመውን የዶይቸ ግራሞፎንን ቢጫ ምልክት ካላየ አይገዛም። ሌላው በ1969 ሙኒክ ላይ በተጀመረው ኢሲኤም ይምላል። ሦስተኛው ደግሞ በ1987 ሆንግ ኮንግ ላይ ተነስቶ ብዙም ያልታወቁ አቀናባሪዎችን በርካሽ ሲዲ ያዳረሰውን ናክሶስን ያነሳል (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። እኛ ጋ ግን ጎንደር ፒያሳ ቡና ላይ ቁጭ ብላችሁ «የምትወዱት ሙዚቃ ቤት የቱ ነው?» ብትሉ የሚጠሩላችሁ የዘፋኝ ስም ነው። ዘፈኑን ማን እንዳሳተመው ልብ የሚል የለም።

እኔ ልብ እላለሁ፤ ምናልባት ከሥራዬ የመጣ አመል ይሆናል። ሶፍትዌር ስትሠሩ ኮዱ ቢያምርም ቅጂው አንድ ቦታ ብቻ ካለ እና ምን እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ ከሌለው፣ ከጠፋ እንደማይለይ ታውቃላችሁ። ስለዚህ አንድን ሙዚቃ ቤት የምመዝነው በሦስት ጥያቄ ነው። ምን መረጠ? ስለመረጠው ነገር ምን ጻፈ? ከሃምሳ ዓመት በኋላስ ይገኛል? በሦስተኛው ጥያቄ አንደኛ የምለው የአሜሪካውን ፎክዌይስን ነው። ሞሰስ አሽ በ1948 መሠረተው፤ በ1987 ስሚዝሶኒያን ሲረከበው አንድም ሥራ ከገበያ እንዳይጠፋ በሚል ግዴታ ነበር። ዛሬም ሁሉም ይገኛል።

ከእኛዎቹ መጀመሪያ መነሳት ያለበት አምሃ ሬከርድስ ነው። በዚያን ጊዜ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ ነበር። አምሃ እሸቴ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ የሸክላ ነጋዴ ሆኖ ያንን ክልከላ አልፎ በ1969 የአለማየሁ እሸቴን ድምፅ ቀዳና ሕንድ ልኮ አሳተመ። ኢሲኤም የተመሠረተውም በዚያው ዓመት ነው። አምሃ በ1975 አገር ጥሎ እስኪወጣ ድረስ መቶ ያህል ትናንሽ ሸክላዎችና 12 ትላልቅ አልበሞች አወጣ። በመጀመሪያው ጥያቄ ሙሉ ማርክ ያገኛል። የሙላቱ አስታጥቄን ሥራ ማሳተም በወቅቱ ትርፍ የሚያመጣ ነገር አልነበረም፤ እሱ ግን አሳተመ።

ቀጥሎ የመጣው ዓሊ አብደላ ካይፋ፣ በብዙዎች ዘንድ ዓሊ ታንጎ የሚባለው ነው። የማህሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» ያወጣው እሱ ነው፤ የቤልጂጉ ክራምድ ዲስክስ ያንን ሙዚቃ በ1986 አውሮፓ ላይ እንደገና ሲያወጣው ፈረንጁ ጆሮውን ወደዚህ አዞረ። ከዚያ በኋላ ሸክላው ቀርቶ ካሴት ነገሠ። ካሴት ርካሽ ስለነበር እያንዳንዱ ቤት ገባ። ቴፑ ሲላላ ግን ድምፁም አብሮ ይሄዳል።

ከካሴቱ ዘመን በኋላ ሸክላዎቹን ያዳነው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። ፓሪስ ያለው ቡዳ ሙዚክ በ1990ዎቹ መጨረሻ የጀመረው «ኢትዮፒክስ» ሠላሳ ያህል ቅጽ ደርሷል። የሙላቱ ቅጽ 4 በጂም ጃርሙሽ የ2005 ፊልም ውስጥ ገብቶ ዓለም ሰማው። የአለሙ አጋን በገና ለብቻው የያዘው ቅጽ 11 ደግሞ፣ በገናን እንደ ጾም ወቅት ማጀቢያ ሳይሆን እንደ ራሱን የቻለ ትልቅ ጥበብ ያቀርባል። ሁለተኛውን ጥያቄም አልፏል፤ የዲስኩ ቡክሌት ማን ተጫወተ፣ መቼ ተቀዳ፣ ማን አሳተመ ብሎ ይነግራችኋል።

ቅሬታዬም ያለው እዚሁ ቡክሌት ላይ ነው። ጽሑፉ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ነው። የሰዎቻችን ስም በላቲን ፊደል፣ ያውም አናቱ ላይ ጭረት በተደረገበት አጻጻፍ ተመዝግቧል፤ ከዲስኩ ወደ ኢንተርኔት ሲሻገርም እንደዚያው ተሻገረ። አንድ የሙዚቃ መተግበሪያ ላይ የእማሆይን ስም በፊደላችን ጽፌ ስፈልግ ባዶ ገጽ ነው የመጣልኝ። በላቲን ስጽፈው ተደርድሮ መጣ። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን የተከማቸ ነገር በባለቤቱ ቋንቋ ካልተጠራ፣ ለባለቤቱ የለም ማለት ነው።

እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ያለምክንያት አላነሳኋቸውም። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደር ከንቲባ ነበሩ። እሳቸው ራሳቸው በ1960ዎቹ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊማሩ ጎንደር ኖረዋል። እዚህ ወደ ቤተክርስቲያን ሲመላለሱ የቆሎ ተማሪዎች ምግባቸውን ለምነው፣ ደጅ አድረው እንደሚማሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውምና በሙዚቃቸው ሊረዷቸው ወሰኑ። በ1967 በንጉሡ እርዳታ ጀርመን ላይ የመጀመሪያ ሸክላቸው ታተመ። በሌላ አነጋገር፣ ዛሬ ዓለም በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማው ፒያኖ ከጎንደር የቆሎ ተማሪ ጋር ዝምድና አለው። ይሄንን የማያውቅ የጎንደር ልጅ ብዙ ነው፤ አይፈረድበትም፣ በአማርኛ ማን ነገረው?

በ2006 የወጣውን ቅጽ 21 እስቲ ስሙት። ግራ እጅ የአውሮፓ ቫልስ እየጠበቀ ይሄዳል። ቀኝ እጅ ግን አንዷን ኖታ ቀጥ ብሎ አይመታትም፤ ዙሪያዋን ዞሮ፣ አንቀጥቅጦ ነው የሚያርፍባት። ድጓ ላይ «ርክርክ» የሚባለውን ምልክት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ፍጥነቱም በሰዓት አይለካም፤ ትንፋሽ ሲያልቅ ይቆማል፣ ሲመለስ ይቀጥላል። ብዙ የውጭ ጸሐፊዎች ይሄንን ከብሉዝ ጋር ያወዳድሩታል። የምዕራብ ጆሮ የሚያውቀውን መፈለጉ ነውር የለውም፤ እኛ ግን ቅርቡን ትተን ሩቁን መዋስ የለብንም።

እማሆይ በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ዐረፉ። የአሜሪካው ሚሲሲፒ ሬከርድስ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ እቤታቸው በካሴት የቀዷቸውን፣ ራሳቸው በአማርኛ የሚዘምሩባቸውን ሥራዎች በ2024 አወጣ። ቅጂው የጠራ አይደለም፤ የክፍሉ ድምፅ ይሰማል። እኔ ግን ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው፤ አገሯን በመስኮት እያየች የምትሰናበት ሴት ድምፅ ነውና።

እንግዲህ ደረጃ ልስጥ። በድፍረት አምሃ፣ በጥንቃቄ ቡዳ ሙዚክ፣ በፍቅር ሚሲሲፒ። ሦስቱን ስደምር ግን አንድ የጎደለ አያለሁ። የጎንደር በአታ አቋቋም ምስክር የሚሰጥበት ደብር ነው። ሊቃውንቱ ዝማሜውን፣ ጽናጽሉን፣ ከበሮውን ከቃል በቃል እየተቀባበሉ እዚህ አድርሰውታል። በ1960ዎቹ ጂን ጄንኪንስ የምትባል እንግሊዝ አገር ትሠራ የነበረች ተመራማሪ የቤተክርስቲያኗን ዜማ ቀድታ በዩኔስኮ የሸክላ ስብስብ ውስጥ አስገብታዋለች። ጥሩ አደረገች። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን አብዛኛው በስልክ ተቀርጾ፣ ማን እንደመራው ሳይጻፍ፣ ሰው ከሰው በቴሌግራም የሚላላከው ነው።

ለዚህ ስቱዲዮ መገንባት አያስፈልግም። ደህና መቅጃ፣ የመምህራኑ ፈቃድ፣ ከገቢው የሚደርሳቸው ድርሻ፣ ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር በፊደላችን የተጻፈ አንድ ገጽ፣ ቢያንስ ሁለት ቦታ የተቀመጠ ኮፒ። አምሃ ከዚህ ባነሰ ነገር ጀምሯል፤ ሸክላውን ሕንድ ድረስ መላክ ነበረበት። የሚቀጥለው የምወደው ሙዚቃ ቤት አድራሻው ጎንደር እንዲሆን እፈልጋለሁ። የመጀመሪያውን ዳታቤዝ በነጻ እሠራለሁ፤ መቅጃ ያለው ሰው ይምጣ።