«መልሰህ ግጠም»፦ በአንድ የጥገና ትእዛዝ አተረጓጎም ላይ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃላት ብዙ ጊዜ የሚመዘኑት በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ነው። ዳሩ ግን የቃሉ ብቃት የሚፈተነው በሥራ ላይ ሲውል ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ አጭር የጥገና ትእዛዝ ወስደን፣ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል ሲመለስ የሚያስከትለውን ጉድለት እንመረምራለን። ትእዛዙ የሚያፈስ የናፍጣ የእጅ ፓምፕን ስለ መለወጥ የሚናገር ሲሆን፣ ቃል በቃል ሲተረጎም ይህን መልክ ይይዛል፦

«የሚያፈሰውን የመጀመሪያ ፓምፕ ፍታ፤ ማሸጊያውን መልሰህ ግጠም።»

በሰዋስው ረገድ ዓረፍተ ነገሩ እንከን የለውም። ሆኖም በእርሱ የሚመራ መካኒክ ሥራው ይበላሽበታል። ምክንያቱን ለመረዳት አስቀድሞ ዕቃውን ማወቅ ያሻል።

መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣውን ደብልዩ 123 የተባለ ሞዴል ለአብነት እንውሰድ። በናፍጣ ሞተሩ ላይ ነዳጁን ከማጠራቀሚያው የሚስብ አነስተኛ አመላላሽ ፓምፕ፣ በትልቁ የናፍጣ መርጫ ፓምፕ ጎን ታስሮ ይገኛል። የእጅ ፓምፑ የሚታሰረው በዚሁ አመላላሽ ፓምፕ ላይ ነው። ማጣሪያ ሲለወጥ ወይም ነዳጅ ሲያልቅ በመሥመሩ ውስጥ አየር ይገባል፤ አየር ደግሞ የሚታመቅ በመሆኑ መርጫው ፓምፕ ተፈላጊውን ግፊት ሊያገኝ አይችልም። ያን ጊዜ በእጅ እየተገፋ ናፍጣውን ስቦ አየሩን የሚያስወጣው ይህ ትንሽ ፓምፕ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጉድለት «የመጀመሪያ ፓምፕ» የሚለው ስያሜ ነው። ተርጓሚው «ፕራይመር» የሚለውን ቃል መልክ ተከትሎ ተግባሩን ዘንግቷል። ፓምፑ በተራ የሚቀድመው የለም፤ ሌላውን የማይቀድም ነገር «የመጀመሪያ» ሊባል አይገባውም። የፈረንሳይኛውና የጣሊያንኛው ስያሜዎች የተመሠረቱት «የማጥመጃ ምግብ» የሚል ፍች ካለው ቃል መሆኑን ስናይ፣ እነርሱም ያተኮሩት ፈሳሹን አባብሎ በማምጣት ተግባር ላይ እንደሆነ እንረዳለን። «ማስነሻ ፓምፕ» ቢባል ከሞተሪኖ ጋር ያምታታል፤ «መሙያ ፓምፕ» ቢባል ደግሞ ነዳጅ ማደያን ያስታውሳል። በበኩላችን «የናፍጣ መሳቢያ የእጅ ፓምፕ» የሚለውን እንመርጣለን። አመላላሹም ፓምፕ ቢሆን ይስባልና፣ መለያው «የእጅ» የሚለው ቃል ነው። ስለሆነም ሙሉ ስያሜው አንድ ጊዜ ከተጠቀሰ በኋላ «የእጅ ፓምፕ» ማለት ይበቃል።

ሁለተኛው «የሚያፈሰው» የሚለው ነው። በአማርኛ ማፍሰስ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ የሚያፈስ እንስራ ሥሩ ይረጥባል። የእጅ ፓምፑ ግን መሳቢያው መሥመር የሚያልፍበት አካል ነውና፣ ማሸጊያው ሲያረጅ አንድ ጠብታ ሳይወጣው አየር ወደ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። መኪናው ካደረ በኋላ አልነሣ ይላል፤ ሲሄድም ኃይል ያጣል፤ መካኒኩም እርጥበት ፈልጎ ሲያጣ ፓምፑን ደህና ነው ብሎ ያልፈዋል። የእንግሊዝኛው ቃል ሁለቱንም አቅጣጫ ሲይዝ፣ የአማርኛው አንዱን ብቻ ይዟል። ስለዚህ እንደ አገባቡ «ናፍጣ የሚያንጠባጥብ» ወይም «አየር የሚያስገባ» ተብሎ መለየት አለበት።

ሦስተኛው «ፍታ» የሚለው ትእዛዝ ነው። በዚህ ሞዴል የቀድሞው ዓይነት የእጅ ፓምፕ እጀታው በጥርስ የሚጠብቅ ነው፤ ፓምፑን ለመጠቀም እጀታውን ማላላት፣ ከተጠቀሙ በኋላም መልሶ ማጥበቅ ግድ ይላል። በኋላ የወጣው ተተኪ ዓይነት ግን እጀታው በሞላ የሚመለስ በመሆኑ ይህን አይሻም። «ፍታ» ሲባል እጀታው ይሁን ሙሉው ፓምፕ አይታወቅም። አማርኛ «ማላላት»፣ «መፍታት» እና «መንቀል» የሚሉ የተለያዩ ግሦች እያሉት፣ ሁሉን በአንድ ቃል መጠቅለል ስንፍና ነው።

አራተኛውና እጅግ ከባዱ ስሕተት «መልሰህ ግጠም» የሚለው ነው። በእንግሊዝኛ የጥገና መጻሕፍት «ሪፕሌስ» የሚለው ግሥ አንዳንዴ «በሌላ ተካ»፣ አንዳንዴ ደግሞ «ወደ ቦታው መልስ» ማለት ነው። ማሸጊያው ሮንዴላ አንድ ጊዜ ተጨፍልቆ ቅርጹን የያዘ ስለሆነ፣ ፓምፑ በተለወጠ ቁጥር አብሮ መለወጥ ይገባዋል። አሮጌው ተመልሶ ቢገጠም አዲሱ ፓምፕ እንደ አሮጌው ያፈስሳል፤ ባለ መኪናውም ለዕቃ ያወጣው ገንዘብ በከንቱ ይቀራል።

መካኒክ ሥራውን የሚማረው በዓይንና በእጅ ስለሆነ የቃላት ጥራት ያን ያህል አያስጨንቅም የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን መመሪያ የሚጻፈው ጠቋሚ ጌታ ባጠገቡ ለሌለው ሠራተኛ ነው። ደግሞም ጋራዡ ራሱ ለቃላት ግድ የለሽ አይደለም፤ «ሮንዴላ»ን እና «ሞተሪኖ»ን ከጣሊያንኛ ተቀብሎ እያንዳንዱን ለአንድ ዕቃ ብቻ መድቧል። ይህ የአንድ ቃል ለአንድ ነገር ሥርዓት ከተርጓሚውም ይጠበቃል።

በመሆኑም ትእዛዙ እንደሚከተለው ቢታረም እንላለን፦

«ናፍጣ የሚያንጠባጥበውን ወይም አየር የሚያስገባውን የእጅ ፓምፕ ከነአካሉ ፈትተህ አውጣ፤ በምትኩ አዲስ ፓምፕ ከአዲስ ሮንዴላ ጋር እሰር።»

ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል። ቢሆንም መካኒኩ አንብቦ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሠራ ያስችለዋል፤ አጭሩ ትእዛዝ ግን ሥራውን ሁለት ጊዜ ያሠራዋል።