አይጧ ወባ አልያዛትም
«አንዲት ጠብታ ደም ካንሰርን ትናገራለች» የሚል ዜና ስታነቡ መጀመሪያ «የማን ደም?» በሉ። ብዙ ጊዜ የአይጥ ነው።

አይጥን መናቄ አይደለም። ለጉበት ካንሰር ምርመራ ዛሬም የሚያገለግለውን አልፋ ፌቶፕሮቲን አቤሌቭና ባልደረቦቹ በ1963 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ውስጥ ያገኙት ዕጢ ባለባቸው አይጦች ደም ነው፤ በዓመቱ በሰውም ታየ።

ችግሩ ልኩ ላይ ነው። 25 ግራም በምትመዝን አይጥ ላይ 1 ግራም ዕጢ ማለት፣ 60 ኪሎ በሚመዝን ሰው ላይ 2.4 ኪሎ እንደማለት ነው። ይሄን ለማየት ምርመራ ያስፈልጋል እንዴ? ዕጢው ከሰው ተወስዶ የተተከለ ከሆነማ ጨዋታው ጭራሽ ቀላል ነው፦ በአይጧ ደም ውስጥ የተገኘ የሰው ዲኤንኤ ሁሉ የዕጢው ነው። በእኛ ደም ግን ጤነኛውም ዕጢውም የሰው ነው፤ የሚለያዩት በጥቂት ፊደላት ብቻ።

ጋምቤላ ላይ ነገሩ ይብሳል። ወባ በደም ውስጥ የሚንሳፈፈውን ዲኤንኤ ይጨምራል። ሥር የሰደደ የጉበት ቫይረስም ካንሰር ሳይኖር ያንኑ አልፋ ፌቶፕሮቲን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። የላቦራቶሪዋ አይጥ ግን በንጹሕ ሳጥን ያደገች ናት። እንዲህ ያለ ምርመራ ባሮ ዳር ከመድረሱ በፊት ወባ ባለባቸው፣ ካንሰር ግን በሌለባቸው ሰዎች ደም ላይ መፈተሽ አለበት።