የሚተነፈስ ምግብ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ምግብ ሲጐረስና ሲዋጥ እንጂ በትንፋሽ ሲሳብ አይተህ አታውቅ ይሆናል። በአሜሪካ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ዴቪድ ኤድዋርድስ ግን በ2009 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) «ለ ዊፍ» የተባለውን ትንሽ ቀሰም ለገበያ አወጡ። ሰው ቀሰሙን በከንፈሩ ይዞ አየር ሲስብ የቸኮላታ ብናኝ ባፉ ውስጥ ይበተናል። ወደ ሳንባ እንዳይወርድም ብናኙ ጐላ እንዲል ተደርጓል።

ብልሃቱ የሚናቅ አይደለም፤ ሊቁ አስቀድመው መድኃኒት በትንፋሽ የሚወሰድበትን መንገድ ያጠኑ ነበሩና። ነቀፋዬ በአሳቡ ላይ ነው። የቀሰሙ መመኪያ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ከአንድ ካሎሪ ማነሱ ነበር። ይህ የምግብን ደስታ ወስዶ ምግብነቱን መተው ነው። ቀጥሎ የመጣው «ኤሮሾት» 100 ሚሊግራም ካፌይን ይዞ ነበር፤ በ2012 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ የሚተነፈስ ይሁን የሚዋጥ መለያው ያሳስታል፣ ወደ ሳንባም ሊገባ ይችላል ሲል አስጠነቀቀ።

በእኛ በደብረ ሲናም ጉሙ ከጣርማ በር ሲወርድ ቡና ይቈላል፤ ባለቤቲቱም ጢሱን ለእንግዶች ታዞራለች። ነገር ግን ጢሱ ጥሪ ነው፤ ከኋላው አቦል፣ ቶናና በረካ፣ ጨዋታና ምርቃትም ይከተላሉ። ጢስ ብቻ አሽትቶ እንግዳን የሚያሰናብት ቤት ስሙ ይጠፋል።

ቀሰሙ ግን ጥሪውን ሸጦ ማዕዱን ያስቀራል፤ ለጎረቤትም አይቈረስም። እንግዲህ ልጄ ሆይ፤ አዲስ ነገር ባየህ ጊዜ «ያስደንቃልን?» ብቻ ሳይሆን «ያጠግባልን? ለሌላውስ ይተርፋልን?» ብለህ ጠይቅ።