ሐተታ በእንተ ቅንአት

ቅንአት በግእዝ ሁለት ወገን ነው፤ አንዱ ስለ ወደዱት ነገር መቃጠል፥ አንድም ባልንጀራ ባገኘው መመቅኘት። አማርኛው ቅናት ግን ወደ ሁለተኛው አዘነበለ። ስለዚህ በኦሪት ዘፀአት በምዕራፍ 20 እግዚአብሔር ቀናተኛ መባሉን ሰምቶ የሚደናገር ብዙ ነው። እግዚአብሔር ይመቀኛልን ቢሉ፤ አይመቀኝም፥ ሁሉ የእርሱ ሲሆን በማን ይመቀኛል? ወገኑን ለጣዖት አሳልፎ አይሰጥም ሲል ነው እንጂ። የኤልያስና የፊንሐስ ቅንአትም ከዚህ ወገን ነው።

ነገር ግን ይህን ብሎ መተው ጎደሎ ትርጓሜ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በምዕራፍ 10 ያለ ዕውቀት መቅናትን ነቅፏልና። ምስክሩም ከሐሙሲትና ከፎገራ ሜዳ ሩቅ አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ በደንቀዝ ሳለ፥ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1625 የመጣው የሮማ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡን እንደ ገና ላጥምቅ፥ ካህናቱንም እንደ ገና ልሹም ቢል አገር በደም ታጠበ። በ1632 ንጉሡ ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሶ ዘውዱን ለልጁ ለፋሲለደስ ተወ። ሜንዴዝ ቅንአት አላነሰውም፤ የሚያስተምረውን ሕዝብ ማወቅ አነሰው እንጂ።

እንግዲህ መምህር ቃሉን ሲተረጕም፥ ክፉውን ምቀኝነት ብሎ ይለየው፤ በጎውንም ቅንአት ሲያመሰግን ዕውቀትን ከእርሱ አይነጥል።