የገዘፈ ጀበናና የተጎነጎነ ሽቦ

የአንድ ከተማ ሕዝብ ስለ ራሱ የሚያስበውን ለማወቅ የሚሻ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው በአደባባዩ ላይ የቆመውን ሥራ ነው። በብዙ ከተሞቻችን አደባባይ ከሲሚንቶ የተሠራ ታላቅ ጀበና፣ ሲኒ ወይም ጋሻ ቆሞ እናያለን። ባህልን ለማክበር መታሰቡ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ጀበና የተከበረው በሸክላ ሠሪዋ የእጅ ጥበብና ጎረቤትን በዙሪያው በመሰብሰቡ ነው። መቶ ጊዜ ብናገዝፈው የሚገዝፈው ዕቃው እንጂ ባህሉ አይደለም።

ይህን ነገር ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች መካከል ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በእነዚህ ከተሞች ማሳና ፋብሪካ፣ የጭቃ ቤትና ፎቅ ጎን ለጎን ይታያሉ፤ እስከ ጅቡቲ የሚዘልቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድም የሚነሣው ከሰበታ ነው። እንግዲህ የአባቶችን ባህልና የዘመኑን ቴክኒክ የሚያስማማ የቅርጽ ጥበብ ምን ዓይነት ነው? ከተሞቹ እየሰፉ ሲሄዱ አደባባያቸውን ከማስጌጣቸው በፊት ሊጠይቁት የሚገባ ጥያቄ ይኸው ነው።

ለመልሱ ሩቅ መሄድ አያሻንም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 በአዲስ አበባ የተወለዱት አቶ ኤልያስ ስሜ በ1990 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቀው፣ አስቀድሞ ክርና ቁልፍ በሸራ ላይ እየሰፉ ይሠሩ ነበር። ኋላ ግን ፊታቸውን ወደ መርካቶ፣ ቆራሌው ከየደጃፉ የለቀመው ዕቃ ወደሚከማችበት ወደ ምናለሽ ተራ መለሱ። ከዚያ ያገኙትን የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ ሹሩባ ይጎነጉኑታል፤ የኮምፒዩተሩን ማዘርቦርድና ኪቦርድ ይደረድሩታል፤ ሁሉንም በእንጨት ገበታ ላይ ያያይዙታል። ሥራው ከሩቅ ሲታይ ከእንጦጦ ቁልቁል የሚታየውን የሱሉልታን ማሳ ይመስላል። ቀርበው ሲመለከቱት ግን ትናንት የሰው ቃል ሲመላለስበት የነበረ ሽቦ ሆኖ ይገኛል።

አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንወዳለን። በእነዚህ ገበታዎች ላይ የመሶብ ምስል የለም፤ ነገር ግን አክርማውን በሰንደዶው ላይ ዙር በዙር የምትጠመጥመው የመሶብ ሰፊ ትዕግሥት አለ። ባህሉ ያደረው በአሠራሩ ውስጥ ነው። ጋናዊው ኤል አናትሱይም የጠርሙስ ክዳን በመዳብ ሽቦ እያያያዙ እንደ ጨርቅ ሲዘረጉት የተከተሉት መንገድ ከዚህ የራቀ አይደለም።

አቶ ኤልያስ ከወይዘሮ መስከረም አሰግድ ጋር ሆነው በ2011 ዓ.ም. በመካኒሳ የከፈቱት ዞማ ቤተ መዘክር ደግሞ ይህንኑ አሳብ ወደ ሕንፃ ያሸጋግረዋል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ግድግዳው ተመርጓል፤ በግድግዳውም ላይ ልዩ ልዩ ቅርጽ በእጅ ተሠርቶበታል። ባለሙያዎች «ኢንስታሌሽን» የሚሉት፣ ተመልካቹ ውስጡ ገብቶ የሚመላለስበት ሥራ ለእኛ አገር ባዕድ እንዳልሆነ ይህ ሕንፃ ያስረዳል። ጭቃ አቡክቶ ቤቱን የመረገ ገበሬ ሁሉ ከዚህ ጥበብ ደጃፍ ላይ ቆሟል።

ይሁን እንጂ ሙገሳችን ያለ ገደብ አይደለም። በተጣለው ኮምፒዩተር ውስጥ እርሳስና ሜርኩሪ አለ፤ ዕቃውን የሚፈታታው ሠራተኛ የሚተነፍሰው ከዚህ መርዝ ነው። የገበታው ውበት አንዳንድ ጊዜ ይህን መከራ ይሸፍነዋል፤ ዓይን በቀለሙ ረክቶ እጁን ይረሳል። ከዚህም ጋር፣ በ2022 በቬኒስ ታላቅ ትርኢት እንደታየው፣ ገበታዎቹ ከአገር ውጭ ብዙ ዝና አግኝተዋል። በአንጻሩ ሽቦውን የፈታው ሠራተኛ የተሠራበትን ገበታ ለማየት ያለው ዕድል የጠበበ ነው። ሥራ ከአገሩ አደባባይ ሲርቅ ፍርዱም ከአገሩ ሰው ይርቃል።

ስለዚህ የሦስቱ ከተሞች ሹማምንትና ቀራፆች ከዚህ ሥራ አብነት እንዲወስዱ እንመኛለን፤ አብነት ስንል ግን መልኩን ቅዱ ማለታችን አይደለም። በገፈርሳ ግድብ አጠገብ የሚኖር የቡራዩ ቀራፂ አሮጌ የውሃ ቧንቧ ይመርምር። የሱሉልታው ጭቃና ጭዱን አይናቅ። ሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናትና በአደባባይዋ የሚቆመው ሥራ በእጅ የሚዳሰስ፣ ዓይነ ስውሩም የሚፈርደው ይሁን። ኦዳም ቢሆን የተከበረው ሕዝብ ከጥላው ሥር ተቀምጦ ስለ መከረ ነው፤ በሲሚንቶ ተሠርቶ በአጥር ቢከለል ግን ማን ይቀመጥበታል? ሕዝብ የሚቀመጥበት፣ የሚዳስሰውና የሚከራከርበት ሥራ የቆመለት አደባባይ፣ እርሱ ባህሉን በእውነት አገዘፈ እንላለን።