ጥሩ የባቡር ሞዴል በምን ይታወቃል?

የባቡር ሞዴል ያየ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በጥቃቅኑ ነገር ላይ ነው፤ በመስኮቱ ክፈፍ፣ በብሎኑ ራስ፣ በፉርጎው ጎን በተጻፈው ቁጥር። የእጅ ጥበብ መደነቅ ይገባዋል፤ ብቻውን ሚዛን ሲሆን ግን ያሳስታል። ጥሩ ሥራ የሚለየው “ይህ ለምን እንዲህ ሆነ?” ተብሎ ሲጠየቅ ከእውነተኛው ባቡር መልስ ማግኘቱ ላይ ነው። የድሮው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ለዚህ ሁነኛ መፈተኛ ይሆናል።

ቀድሞ መታየት ያለበት ሀዲዱ ነው። ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው መስመር የሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን 1,435 ሚሊሜትር ነው። ከ87 አንድ እጅ በሆነ ልኬት ሲሠሩ የቀድሞው ወደ 12፣ የአሁኑ ወደ 16.5 ሚሊሜትር ይወርዳሉ። ገበያ ላይ የሚበዛው ሰፊው ስለሆነ የድሮውን ባቡር በእሱ ላይ ማስኬድ ይቀላል። “በ4.5 ሚሊሜትር ማን ይከራከራል?” የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጠባብ ሀዲድ የተመረጠው በምክንያት ነው፤ ወጪው ይቀንሳል፣ በጠባብ ኩርባም ይታጠፋል። ፉርጎው ከሀዲዱ ግራና ቀኝ ወጣ ብሎ የሚታየውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ስፋቱ ሲሳት ይህ ቁመና አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው ፈተና የተተወው ነገር ነው። 784 ኪሎ ሜትሩ መስመር በዚሁ ልኬት ቢሠራ 9 ኪሎ ሜትር ይረዝማልና ማሳጠር ግድ ነው። “ታዲያ እውነትነቱ የቱ ላይ ነው?” ቢባል፣ በርዝመቱ ሳይሆን በምክንያቱ ላይ ነው። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱን ትቶ ከግርጌው ስላለፈ ነው። ስለዚህ ሞዴሏ ቤቶች ቢቀነሱበት ይቅር ይባላል፤ ሜዳውና የባቡር ጥገናው ወርክሾፕ ከጎደሉ ግን ከተማዋ የለችም። የአዲስ አበባው ጣቢያ ለገሀርም የመስመሩ ማብቂያ ስለሆነ፣ ፉርጎ ስቦ የገባው ሎኮሞቲቭ ለመልሱ ጉዞ አልፎ በሌላው ጫፍ የሚቀጠልበት ሀዲድ ያስፈልገዋል። ያ ከሌለ ሕንፃው የቱንም ያህል ቢያምር ሥዕል እንጂ ጣቢያ አይሆንም።

እርጅናውም እንዲሁ ይመዘናል። በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ላይ ጥላሸቱ የሚበዛው በጭስ ማውጫው ዙሪያ፣ ቅባቱ መንኮራኩሮቹን በሚያያይዙት ዘንጎች ላይ፣ ነጩ የኖራ ዝቃጭ ደግሞ ውኃ በሚያፈስበት ቦታ ነው። ቡናማ ቀለም በእኩል የተነሰነሰበት ሞዴል ሠሪው ምክንያቱን እንዳላየ ይናገራል። ፍጥነቱም አለ፤ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በዚህ ልኬት በሴኮንድ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ይጓዛል። ከዚያ አምስት እጥፍ ከተፈተለከ ሺህ ብሎን ቢኖረውም አሻንጉሊት ነው።

“መዝናኛ አይደል? ሠሪውን ካስደሰተ ይበቃል” የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው፤ በገዛ ጠረጴዛው ላይ የወደደውን ቢያስኬድ ማን ይከለክለዋል? ሆኖም ደስታው ለሌላውም የሚተርፈው ምክንያት ሲኖረው ነው። ጥቃቅኑ አንድ ጊዜ ያስደንቃል፤ ምክንያት ግን ያነጋግራል። ኤርትራ በጦርነት የፈረሰውን የምጽዋ–አስመራ መስመር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መልሳ ስትዘረጋ ጡረታ የወጡ ባቡረኞች ወደ ሥራ ተመልሰዋል፤ እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚሠራ በእጃቸው ያውቁት ነበርና። እንዲህ ያለ አዛውንት ጣቱን ዘርግቶ “ይህስ ልክ ነው፤ ያኛው ግን እዚህ ጋ ነበር” ሊልበት የሚችል፣ አጠገቡ የቆመው ልጅም “ለምን?” ብሎ የሚጠይቅበት ሞዴል፣ እሱ ጥሩ ሥራ ነው።